ስሙ የማይጠራው ሥር

የእህቴ ልጅ ዓይኗ ቢጫ የሆነ ሰሞን ባሏ ከዮቪል ሰፈር መድኃኒተኛ ይዞ መጣ። ሰውየውን አውቀዋለሁ። አገር ቤት ሳለ የሚኒባስ ረዳት ነበር። ድንበር በተሻገረ ቁጥር ማዕረጉ እያደገ መጥቶ ጆሃንስበርግ ሲደርስ መሪጌታ ሆኖ ወረደ። ዳዊት ሲደግም የሰማው ሰው የለም።

ያኔ እዚያው ከተማ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር፣ አንድ ቤት ተከራይተን ሦስታችን አብረን እንኖር ነበር። ክሊኒኩ በእግር የሚደረስ ነው። ባሏ ግን ስሙ ሲነሳ እንኳ ይቆጣል።

"እትዬ፣ የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም። የተወጋ ሰው አይተርፍም።"

ማን ሞተ ብዬ ብጠይቀው የጎረቤቱን አማች ጠራልኝ። የጎረቤቱን ስም አላስታወሰውም።

መድኃኒተኛው በጋዜጣ የተጠቀለለ ሥር አውጥቶ ወቀጠና በውሃ በጠበጠው። ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ፣ ከማንም ጋር ሳትነጋገር እንድትጠጣው አዘዘ። ሥርዓቱን ያውቃል። ለዚያ ደግሞ ሚኒባስ ላይ የተሳፋሪ ወሬ መስማት ይበቃል።

"ምን የሚባል ነው?" አልኩት።

"ስሙ ከተጠራ ይረክሳል፣ እማማ።"

"የሚረክሰው መድኃኒቱ ነው ወይስ አንተ?"

"እትዬ!" አለ ባሏ።

ተውኩት። አባቴም መድኃኒት አዋቂ ነበር፤ እሱም ስም አይጠራም። ለሴት ልጅ ማሳየት እውቀቱን ለባዕድ ቤት መስጠት ነው ብሎ ለወንድሜ ብቻ አሳየው። ወንድሜ በወጣትነቱ ሞተ፤ ያወቀው ሁሉ አብሮት ተቀበረ። ሰዎች ይህን እንደ ጥበብ ሲያወሩልኝ ትዕግሥቴ ያልቃል። አባቴ ግን ቢያንስ ሥሩን የሚቆፍረው ከበቀለበት ወርዶ በገዛ እጁ ነበር።

ልጅቱ ጠጣች። በማግስቱ የሚያናግራትን ሰው መለየት አቃታት። ባሏ "በሽታው እየወጣላት ነው" አለኝ። ታክሲ ጠርቼ ሆስፒታል ወሰድኳት። ባሏም ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አብሮን ሄደ።

ሐኪሟ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ምን ጠጣች የሚል ነበር። ሥር ነው አልናት። "ምን ዓይነት ሥር? ጉበቷ እየተጎዳ ነው፤ የጠጣችውን ካላወቅሁ በጨለማ ነው የምሠራው" አለች። ባሏም ስሙን አልተነገረውም።

በቀጥታ ዮቪል ሄድኩ። መድኃኒተኛው ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ ባለች ክፍል ይኖራል።

"ስሙን ንገረኝ። ልጅቱ እየሞተች ነው።"

"እማማ፣ አልችልም። ከአባቶቼ የተቀበልኩት ነው።"

የተረፈው ሥር ጠረጴዛው ላይ ነበር። በተተለተለ ቢጫ ፕላስቲክ የታሰረ ነው። እንዲህ የሚያስሩት መሀል ከተማ ካለው ድልድይ ሥር የሚቀመጡት የባህል መድኃኒት ሻጮች ናቸው። በዚያ ሳልፍ ሁልጊዜ አያለሁ።

"አባቶችህ ድልድይ ሥር ነው የሚኖሩት?"

ከድልድዩ ጥግ ካለችው ሻጭ እንደሚገዛው አመነ። ዙሉኛ ስለማያውቅ ከሻጯ ጋር የሚግባባው በምልክት ነው። ምን ብሎ እንደጠየቃት አሳየኝ ስለው ጣቱን ወደ ዓይኑ ቀሰረ፤ ቀጥሎ ሆዱን ያዘ። በቃ፤ የአባቶች እውቀት ያ ነው።

እስሩን ነጥቄው ወደ ድልድዩ ሄድኩ። ሻጯ ገና ከእጄ ላይ ስታየው "ኢምፒላ!" አለች፣ ጎረቤቶቿ ሁሉ እየሰሙ። ሱቅ ውስጥ ስሠራ በለመድኩት ዙሉኛ የሆነውን ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች።

"ዓይኑን ሲያሳየኝ መጥፎ ሕልም የሚያይ መስሎኝ ነው። ለዚያ ጠጥተው ወዲያው ያስመልሱታል እንጂ ሆድ ውስጥ አያሳድሩትም። ጎጎ፣ ማን ዋጠው?"

ጎጎ ያለችኝ እማማ ስትል ነው። እሷም ብትሆን ምልክት አይታ ነው የሸጠችለት።

ሆስፒታል ተመልሼ ስሙን ስነግራት የሐኪሟ ፊት ተለወጠ። ጉበት እንደሚያጠፋ ታውቅ ነበር። ኢምፒላ በዙሉኛ ጤና ማለት ነው። ልጅቱ ብዙ ሰንብታ ተረፈች፤ መርፌም ተወጋች፤ አልሞተችም።

ከዚያ በኋላ በአንድ የበዓል ቀን፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ተሰብስበን ስንበላ፣ መድኃኒተኛው ከማዶ ተቀምጦ "የዚችን ልጅ የወፍ በሽታ ነቅዬ ያወጣሁላት እኔ ነኝ" ሲል ሰማሁት። ባሏ አጠገቡ ሆኖ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። እሷ ከጎኔ ነበረች። ዓይኗ ነጥቷል፤ ክብደቷ ግን ገና አልተመለሰም።

ተነሳሁ። የሥሩን ስም፣ የተገዛበትን ቦታና ሻጯ ለምን ብላ እንደሸጠችው አዳራሹ እስኪሰማ ተናገርኩ።

"እማማ፣ አረከሱት!" አለ መድኃኒተኛው።

ባሏ አቀርቅሮ እንጀራውን ይቆርስ ጀመር። ቁጭ ስል በግራዬ ያለችው ሴትዮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"እትዬ፣ ለመጥፎ ሕልም ነው ያሉት? ድልድዩ የቱ ጋ ነው?"