የሁዳዴው ዳክዬ

ሰበታ ውስጥ የተከራየሁት ክፍል ከቻይና ምግብ ቤቱ አጥር ጀርባ ነበር። አዲስ አበባ አንድ ጋዜጣ ላይ እሠራለሁ፤ ደመወዜ የከተማውን ኪራይ ስለማይችል ጠዋት በአውቶቡስ እገባለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። መስኮቴን ስከፍት የሚታየኝ የምግብ ቤቱ ጓሮ ነው፤ ዳክዬዎች የሚዋኙበት ኩሬ፣ የማገዶ ክምር፣ ከዚያ ወዲያ የወጨጫ ተራራ።

የፊት ለፊቱ ነገር ሌላ ነበር። ምሰሶዎቹ ቀይ ናቸው፤ የጣሪያው ጫፍ ወደ ላይ የተቀለበሰ ነው፤ ጠረጴዛው ሁሉ ነጭ ልብስ ለብሷል። እሑድ እሑድ የአምባሳደሮችና የባለሥልጣናት መኪና ከጅማ መንገድ ጀምሮ ይሰለፋል። የሰበታ ሰው የዚያን ቤት ውስጡን የሚያውቀው በሠራተኛነት እንጂ በእንግድነት አልነበረም። እኔም መጀመሪያ የገባሁት ስለ ቤቱ እንድጽፍ አለቃዬ ስላዘዘኝ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በጓሮው በር መግባት ለመድኩ።

ባለቤቱ ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ ቻይናዊ ነው። ከአገሩ በዓለም ጦርነቱ ማግስት ወጥቶ በመርከብ ጅቡቲ፣ በባቡር አዲስ አበባ ደረሰ፤ ሆቴል ውስጥ ወጥ ቤት ሲሠራ ቆይቶ ይህን ከፈተ። ሠራተኞቹ በዚያን ጊዜ የውጭ ሰው ሁሉ እንደሚጠራበት «ሙሴ» ይሉታል፤ በፈረንሳይኛ «አቶ» ማለት ነው። አማርኛውን የተማረው ከወጥ ቤቱ ሴቶች ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላል፤ ማክበር ሲፈልግ ደግሞ የኦሮምኛውን «ኦቦ» ይጨምርበታል። አንድ ሚኒስትርን «ነይ ኦቦ፣ ተቀመጪ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሚኒስትሩ ስቀው ተቀመጡ።

የውጭ ሰው በዚያን ጊዜ መሬት አይገዛም። ስለዚህ መሬቱም ሕንፃውም የአንድ ደጃዝማች ነበር። ድስቱ፣ ሰሐኑና ሙያው የሙሴ። ሲጀመር ለሁለቱም የተመቸ ነገር ነበር። ነገር ግን ሙሴ ይዞት የመጣውን ፓስፖርት የሰጠው መንግሥት ከዚያ አገር ተባሯል፤ ፓስፖርቱም ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። እዚህ የሚኖረው በደጃዝማቹ ዋስትና ነው። ልውጣ ካለም የጉዞ ወረቀትና መውጫ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ለዚያ ደግሞ ዋሱ ራሱ ኢሚግሬሽን ቢሮ ቀርቦ «ይመለሳል፣ ባይመለስ እኔ አለሁ» ማለት አለበት። ዋሱ ካልቀረበ ነገሩ አይጀመርም።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ከሆንግ ኮንግ ወሬ መጣለት። እናቱ ከእህቱ ጋር እዚያ ነው የምትኖረው፤ ዓይኗ እየደከመ ነው፤ አንድ ወንድ ልጇን ሳላየው እንዳልሞት እያለች ነው። ሙሴ ይህን የነገረኝ ጓሮው ውስጥ ማገዶው ላይ ተቀምጦ ነው። ድምፁን ከፍም ዝቅም አላደረገም።

«ደጃዝማች ይሂድልኝ ቢሮ፤ እኔ አይቼ እመጣለሁ» አለ።

«ጠይቀሃቸዋል?»

«እንዴት ይጠየቃል?»

መልሱን የሰጠችው የወጥ ቤቱ አለቃ ናት። የሰበታ ተወላጅ፣ አማርኛና ኦሮምኛን በአንድ ዓረፍተ ነገር የምታስኬድ፣ ሙሴ ራሱ የሚፈራት ሴት። «ጌታ የሚለመነው በልቶ ሲጠግብ ነው። ጥራቸውና አብላቸው። ከበሉ በኋላ ጠይቅ» አለችው። ቀጥላም ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ አነጋገሩን አስተምረው። ደጃዝማቹን ‹ነይ› ቢላቸው እኔ የለሁበትም!»

ችግሩ ጾም መሆኑ ነበር። በሁዳዴ ምግብ ቤቱ ከውጭ አገር ሰዎች በቀር እንግዳ የለውም። ደጃዝማቹ ደግሞ ጾም አጥባቂ ናቸው፤ የንስሐ አባታቸውን ሳያስከትሉ ማዕድ አይቀርቡም። የወጥ ቤቱ አለቃ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን አለች። ሙሴ ሳቀ። «ሽሮ ቤታቸው አለ። ሽሮ በልቶ ማን ቢሮ ይሄዳል?»

ለካ እሱም አገር ጾም አለ። መነኮሳቱ ሥጋ አይቀምሱም፤ እናቱም በተወሰኑ ቀናት ትጾማለች። በእነዚያ ቀናት የምትሠራውን አጠገቧ ቆሞ ተምሯል። የስንዴ ሊጥ ጠንከር ተደርጎ ይቦካል፤ ውሃ ውስጥ ይታሻል፤ ነጩ ውሃ እየተደፋ እንደገና ይታሻል። በመጨረሻ እጅ ላይ የሚቀረው እንደ ማስቲካ የሚሳብ ነገር ነው። ያን ቀቅሎ፣ በዘይት ጠብሶ፣ በቅመም ነክሮ ዳክዬ ያደርገዋል። ዳክዬ ስል የማጋነን ልማድ የለኝም። ቆዳው ቡናማ ሆኖ ይንኮሻኮሻል፤ ሥጋው ክር በክር እየሆነ ይለያል። ለአጥንቱ ሸንኮራ ልጦ ይሰካበታል።

የወጥ ቤቱ አለቃ አይታ አማተበች። «ሙሴ፣ ይሄ አይሆንም። ሰው ያያል እኮ!»

«ይይ። ጾም ነው።»

ደጃዝማቹ ከቅዳሴ መውጫ በኋላ መጡ። ከወዳጆቻቸው ጥቂቶቹ ከነሚስቶቻቸው አብረው ነበሩ፤ የንስሐ አባታቸው ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው በቀኛቸው ተቀመጡ። እኔን ሙሴ ቃል ቢጠፋው እንዳቀብለው ጥግ ላይ አስቀመጠኝ። መጀመሪያ አትክልቱ ቀረበ፤ ተመሰገነ። ከዚያ ሙሴ ራሱ ትልቁን ሰሐን ተሸክሞ ገባና መሐል ላይ አኖረው። ሙሉ ዳክዬ ነው፤ ክንፍ አለው፣ ቅልጥም አለው።

እጅ ሁሉ ከጠረጴዛው ተነሳ።

«ደጃዝማች፣ ይህ ምንድነው?» አሉ ቄሱ።

ሙሴ ደስ ብሎት ቀደማቸው። «ዳክዬ ነው አባቴ! የጾም ዳክዬ!»

«እግዚኦ!» አለች አንዷ ሴት።

«ዳክዬ እንኳን በጾም፣ በፍስክም አናውቀው» አሉ ቄሱ፤ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ።

ደጃዝማቹ ፊታቸው ተለዋወጠ። «አዋረድከኝ! በንስሐ አባቴ ፊት? ሰው ምን ይለኛል? ደጃዝማች በሁዳዴ ሰበታ ወርዶ ዳክዬ በላ ሊባል?»

ሙሴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ልናገር ስነሳ የወጥ ቤቱ አለቃ ሊጡን ከነሳፋው ተሸክማ ገባች። ማንም አልጠራትም። ሳፋውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ተንበረከከችና ማሸት ጀመረች።

«አባቴ፣ ይመልከቱ። ስንዴ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ስንዴ ሳጥብ እጄ አለቀ።»

ቄሱ ጎንበስ ብለው አዩ። «ቅቤ?»

«የለበትም።»

«እንቁላል?»

«የለበትም አባቴ።»

«ዘይቱስ?»

«ኑግ።»

«አጥንቱስ? ስንዴ አጥንት አለው?»

«ሸንኮራ ነው። ይምጠጡት!»

ቄሱ ቅልጥሙን ነቅለው ጫፉን ነከሱ። ሁላችንም አፍ አፋቸውን እናያለን። መጠጡት፤ ጥቂት ቆዩ፤ እንደገና መጠጡት። «ሸንኮራ ነው» አሉ። ከዚያም ወደ ሰዎቹ ዞረው ፈረዱ። «አፍ ጾሟል። ዓይን ግን በልቷል። ስለዚህ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብሉ።» ራሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱ። ሳቁ ከዚያ በኋላ የተጀመረ እስከ መጨረሻው አላቆመም። ሰሐኑ ባዶ ሆነ፤ ሌላ ተጠየቀ፤ እሱም አለቀ። ደጃዝማቹ የወዳጆቻቸውን ሚስቶች ሁሉ «ጨፍኚ! አንቺ እያየሽ ነው!» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

እጅ ከታጠቡ በኋላ ሙሴ ፊታቸው ቆመ። ያስጠናሁትን አንድ ቃል ሳይስት ተናገረ። «ደጃዝማች፣ እናቴ አርጅታለች። ቢሮ ቀርበው ዋስ ይሁኑኝና ዓይኗን አይቼ ልመለስ።»

«ትመለሳለህ?»

«እመለሳለሁ።»

«የሄደ ሁሉ እንደዚያ ብሎ ነው የሚሄደው» አሉና ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ሳቁ። «ደግሞስ ጾሙ ገና መግባቱ ነው። ይህን ካቀመስከኝ በኋላ ማን ሽሮ ላይ ጥሎኝ ይሄዳል? ፋሲካ ይለፍና እናያለን።»

«እናት ናት እኮ፣ ደጃዝማች» አሉ ቄሱ ቀስ ብለው።

«አባቴ፣ እምቢ አልኩ እንዴ? ይለፍ ነው ያልኩት።»

በማግስቱ ቢሮው ሄጄ ጠየቅሁ። ሌላ ዋስ ቢመጣስ? ጸሐፊው ትሑት ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጥቶኝ አስረዳኝ። የቀድሞው ዋስ ቀርቦ ዋስትናውን ካላወረደ ሌላ ዋስ አይገባም። ደጃዝማቹ ካልመጡ በስተቀር በየትኛውም በር መግቢያ የለም ማለት ነው።

ፋሲካ አለፈ። ደጃዝማቹ የሐዋርያት ጾም ይለፍ አሉ። ከዚያ ክረምት ገባ፤ በክረምት ማን መንገድ ይሄዳል? ፍልሰታ መጣ፤ ፍልሰታን ያለዚያ ዳክዬ እንደማይጾሙት ለእንግዶቻቸው ተናገሩ። መስቀል ከደረሰ በኋላ የነቢያት ጾም ተከተለ። ረቡዕና አርብ ሳይቀር ምግብ ቤቱ መሙላት ጀመረ። የመኳንንቱ ሚስቶች ከፉሪ ማዶ፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ መኪናቸውን እያስነዱ «የሚጨፈኑለትን» ሊቀምሱ ይመጡ ነበር። በሁዳዴ ጭር የሚለው ቤት በጾም የሚጨናነቅ ሆነ። ሙሴ የጾሙን ቀን ከዲያቆን የበለጠ አወቀው። አንዱ ሲወጣ ሌላው መቼ እንደሚገባ ይነግረኛል፤ መሐል ላይ ስንት ባዶ ቀን እንዳለ ይቆጥራል። በዚያ ባዶ ቀን ደጃዝማቹ አይመጡም፤ በጾሙ ሲመጡ ደግሞ «ይለፍ» ይላሉ።

«ሙሴ፣ አጥሩን በገዛ እጅህ ነው ያጠርከው» አለችው የወጥ ቤቱ አለቃ አንድ ቀን፣ ሽንኩርት እየከተፈች። «ሽሮ ሠርተህ ቢሆን ይሄኔ እናትህ ጋ ነህ።»

«መጥፎ አድርጌ ልሥራ እንዴ?»

«ሥራ! ማን ከለከለህ? ጨው ድፋበት። ሲያስመልሳቸው ራሳቸው ጠርዘው ይሸኙሃል።»

እኔ ያን ጊዜ እዚያው ነበርኩ። ሙሴ ጨዉን በጭልፋ አነሳ፤ ድስቱ ላይ ገለበጠ፤ አማሰለ። ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ ሁሉንም ጓሮ ወስዶ ደፋና እንደገና ሊጥ ማቡካት ጀመረ። የወጥ ቤቱ አለቃ ሳፋውን አቀረበችለት። ደጃዝማቹ የዚያን ቀን ከወትሮው የተሻለ ነው አሉ።

የሚቀጥለው ሁዳዴ አጋማሽ ላይ አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ያገሩ ነጋዴ መጣ። ሙሴ ዓለም ገና ገበያ ሄዶ ነበር። ነጋዴው ለወጥ ቤቱ አለቃ ነገራት፤ እናቲቱ ሞታለች። ሴትየዋ ነጋዴውን ጓዳ አስገብታ በሩን ዘጋችበት። «መርዶ በቀትር፣ በገበያ መልስ አይነገርም። ጠዋት ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው» አለችው። የምሳውን እንግዳ ሙሴ እየሳቀ ሲያስተናግድ እሷ ፊቷን ከእሱ እያዞረች ዋለች።

በማግስቱ ማለዳ እኔና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ገባን። ሙሴ ገና ከረባቱን እያሰረ ነበር። ያን ያህል ሰው በጓሮ በር ሲገባ አይቶ ከመናገራችን በፊት ገባው፤ አገራችን ብዙ ኖሯል። የሰበታ ሴቶች ነጭ የጠረጴዛ ልብሱን ሰበሰቡ፤ ወንበሮቹ ጓሮ ወጡ፤ ቀይ ምሰሶው ሥር ፍራሽ ተነጠፈ። ሐዘንተኛ እሳት አይነካም ብለው ወጥ ቤቱን ከለከሉት። ከአጥሩ ውጭ የኖሩ ሰዎች ሁሉ ገቡ። አይተዋት ለማያውቋት ሴት አለቀሱላት፤ አንዷ አልቃሽ ስሟን ጠይቃ በምታዜመው ላይ አስገባችው። ሙሴ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ነበር። ሽሮ አጎረሱት፤ ጎረሰ።

ደጃዝማቹ በሁለተኛው ቀን መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ከሽማግሌዎቹ እኩል መሬት ላይ ተቀመጡ። አለቀሱ። ለታይታ ነው እንዳልል እንባቸውን አይቻለሁ። ከዚያ የሙሴን እጅ ያዙ።

«ነገ በጠዋት ቢሮ እቀርባለሁ። ዋስ ነኝ። ሂድ፣ መቃብሯን ተሳለም። እስክትመጣ ቤቱን እጠብቅልሃለሁ።»

ሙሴ ያስጠናሁት አማርኛ ጠፋበት። «አሁን ማንን ልይ፣ ኦቦ?» አለ።

ደጃዝማቹ ግን ቃላቸውን ጠበቁ። በማግስቱ ቀረቡ፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ያ ትሑት ጸሐፊ ብድግ ብሎ ወንበር አቀረበላቸው። «ይመለሳል፣ እኔ አለሁ» አሉ። ጸሐፊው ማኅተሙን መታ። ቡና እንኳን አላዘዙልንም፤ ቡና ለማፍላት የሚበቃ ጊዜ አልፈጀም።

ቪዛውን ለሙሴ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ፍራሹ ተነስቶ ነበር፤ ወንበሮቹ ተመልሰው ገብተዋል። አገላብጦ አየው፤ የሚያበቃበትን ቀን እንዳነብለት ጠየቀኝ፤ አነበብኩለት። ቀኑ በራሱ ጊዜ ደረሰ፤ አለፈም። ሙሴ የትም አልሄደም።