የጋሽ ገብረሕይወት ገመድ

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። አንድ የሰጠመ የጀልባ ሞተር ሳምንት ቢቆይ ምን ይሆናል? እንዳይዝግ ነው? ቀድሞውንም ውሃ ውስጥ ነው ያለው።

ጋሽ ገብረሕይወት ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። አትላንታ ከመጡ ወዲህ ኢስት ፖይንት አንድ አፓርታማ ውስጥ አብረን እንኖር ነበር፤ ሥራቸው በጎልፍ ሜዳ ኩሬዎች ውስጥ ጭቃ እየዳበሱ የጠፋ ኳስ መልቀም ነው። ቀይ ባሕርን ያህል ነገር የጠለቀ ሰው ኳስ ለቃሚ መሆኑ እኔን ያናድደኛል፤ እሳቸው ግን «ውሃ ውሃ ነው» ብለው ያልፉታል።

እንደ ፈረንጆቹ በ1985 ጃንዋሪ ብርዱ ጆርጂያን አደረቃት። ያን ሰሞን አለቃቸው ደወለ። ሰሜን ተራሮቹ ላይ ባለ ሐይቅ ውስጥ የአንድ ሀብታም የጀልባ ሞተር ሰጥሟል፣ ሐይቁ አንድ ጋት ውፍረት ያለው በረዶ ሠርቷል፣ ሰውየው ግን ለቅዳሜ ይፈልገዋል። በሳምንቱ የሚቀልጥ በረዶ መጠበቅ አቅቶት ነው።

«ክዊት ያድርጉ ጋሼ፣ ሥራው ይቅርብዎ» አልኳቸው።

«ቃል ሰጥቻለሁ። ይልቅ አንተ ገመድ ያዝልኝ» አሉና ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ዓይኔን በሻርፕ ሸፍነው አለማመዱኝ። አንዴ ከተሳበ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ሦስቴ ከተሳበ አውጣኝ።

«ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ሞኝ ነው» ብለው ሳቁ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

ቅዳሜ ጠዋት ከጀልባ መቆሚያው ጣውላ አጠገብ በረዶውን በመጋዝ ቆርጠን ቀዳዳ ከፈትን። ጋሼ ገመዱን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ሌላውን ጫፍ በራሳቸው እጅ መዳፌ ላይ ጠቀለሉልኝና ገቡ።

አብሮን የመጣው አለቃቸው የሸበተ ሽማግሌ ነው። «ሞተሩን የምንጎትትበትን ሰንሰለት ከመኪናው አምጣ፣ ገመዱን እኔ እይዘዋለሁ» አለኝ። እምቢ አልኩ። ደገመልኝ፤ አሁንም እምቢ አልኩ። በሦስተኛው እጁን ዘረጋ። ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ እየለመነኝ እምቢ ማለት አላደግኩበትም። ይሉኝታ ያዘኝና ሰጠሁት።

ሰንሰለቱን ተሸክሜ ቁልቁለቱን ስወርድ ቀዳዳው ዳር ማንም የለም። ገመዱ መቆሚያው ምሰሶ ላይ ታስሯል። ሦስቴ ይሳባል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ሦስቴ ይሳባል። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንደተሳበ እግዜር ይወቀው። ሰንሰለቱን ጥዬ ጎተትኩ። ጋሼ ከንፈራቸው ጠቁሮ ወጡ፤ የአየር ጠርሙሳቸው መተንፈሻ በረዶ ሠርቶ አልዘጋ ብሎ አየሩ ፈስሶ አልቆባቸዋል።

አለቃው ከባለ ሞተሩ ቤት ብቅ አለ። ለካ ስልክ ሊደውል ገብቶ ኖሯል። «ምን ሆናችሁ? ጠበቅ አድርጌ አስሬዋለሁ እኮ» አለ።

«አህያ መሰለህ የምታስረው?» ብዬ ጮህኩበት። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፍቶኝ በአማርኛ ነበር የጮህኩት፤ የማውቀውን ስድብ አንድም ሳላስቀር አወረድኩበት።

ጋሼ ወደ እሱ ዞር እንኳ አላሉም። ጣውላው ላይ ተጋድመው ሲያስሉ ቆዩና እኔን አዩኝ።

«ነጋሽ» አሉ፣ «ገመዱን የሰጠሁት ለማን ነበር?»