ውሃ ፍለጋ ሲሪንቃ ላይ

ሲሪንቃ መንገድ ዳር ሦስት ሆነን ቆመናል። የመኪናው ባለቤት ሐጂ ይማም ከኋላው በር ጎን፣ ሹፌሩ ሰይድ ከተከፈተው ኮፈን ፊት ናቸው። አብሬያቸው የተሳፈርኩት እኔ ጎንበስ ብዬ የመኪናውን ሆድ አያለሁ። ከመርሳ ወደ ወልዲያ ስንሄድ ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ሙቀት ምልክት ስለበራ ነው የቆምነው።

"ይኼ በነዳጅም በባትሪም የሚሄድ ሃይብሪድ የሚሉት ለእኛ ለሀብሩ ወረዳ ሙቀት አይሆንም" አሉ ሐጂ። "ወልዲያ እንደደረስን ለሻጩ እመልሰዋለሁ።"

ሰይድ ወደ ሞተሩ አጎነበሰ። መኪናው ከተመለሰ ሥራው አብሮ ይሄዳል።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት መርሳ ራዲያተር ስጠግን ነው። የመጀመሪያ ቀን አሠሪዬ ጣሳ አስይዞኝ፣ "የጋለ መኪና ሲመጣ ውሃው የት እንደገባ ፈልጊ" አለኝ። ሌላ ትምህርት አልጨመረልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ውሃ ፈለግኩ። የሞተሩ ራዲያተር ሙሉ ነው። ከሥር ግን ጠብ ጠብ የሚል ነገር አገኘሁ።

"የባትሪው ራዲያተር ያፈሳል" አልኩ፣ ሐጂም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

"እማማ፣ እሱ የኤሲው ውሃ ነው" አለ ሰይድ። "የዚህ ባትሪ ራዲያተር የለውም።"

"ታዲያ በምን ይቀዘቅዛል?"

"በነፋስ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ ባትሪው ይሞላል፣ ዳገት ላይ ለሞተሩ ያግዛል፤ ሲሞላም ሲያግዝም ይግላል። ማራገቢያው ሲዞር ይሰማኛል፤ ለምን እንዳላቀዘቀዘው ነው የጨነቀኝ።"

ሐጂ ሳቁ። "እትዬ ዘነበች፣ ፀሐዩ ነው እንዲህ የሚያናግርዎ። ነጠላዎን ጣል ያድርጉ።"

ነጠላዬን ላመጣ የኋላውን በር ከፈትኩ። ነጠላው ከመቀመጫው ጎን ያለ ወንፊት መሰል ቀዳዳ ላይ ተወትፏል። የወተፍኩት እኔ ነኝ። እንደተሳፈርኩ በዚያ በኩል ነፋስ ሽው ሲል ተሰማኝና ወገቤን እንዳይመታኝ ብዬ። መስኮቱንማ አስቀድሜ ዘግቼዋለሁ።

ስጎትተው ሰይድ አየኝ። "እማማ፣ ባትሪው የሚተነፍሰው በዚያ እኮ ነው።"

"ነፋስ እንዳይመታኝ ነው።"

"እኛን ውሃ እያስፈለጉ ባትሪውን አንቀውታል" አሉ ሐጂ። "አልሐምዱሊላህ፣ መኪናው ጤነኛ ነው። ሰይድ፣ ቀዝቀዝ ሲል ንዳ፤ መመለሱ ቀርቷል።"

በዚህ ሙያ ያላችሁ፣ መኪና ሲግል መጀመሪያ በምን እንደሚቀዘቅዝ ጠይቁ።

ምልክቱ ሲጠፋ ሰይድ የኋላውን በር ከፈተልኝ።

"እትዬ ከፊት ይቀመጡ" አሉት ሐጂ። "እዚያ የሚወተፍ የለም።"

ነጠላዬን አጣፋሁ፤ መንገዱን ሙሉ ከሚስቁብኝ ብዬ ወደ ወልዲያ የሚያልፍ ሚኒባስ አስቁሜ ሄድኩ።