ቡሬ ሰማይ ላይ «ወራጅ አለ»

ባለፈው ሰኔ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፣ አውሮፕላኑ በጉም የተነሣ ማረፍ አቅቶት ይዞር ጀመር። ከፊቴ የተቀመጠ ጎልማሳ ቀበቶውን ፈትቶ ተነሣና ስብሰባ አመለጠኝ እያለ አስተናጋጇ ላይ ጮኸ። ግማሹ ሰው አገዘው፣ ግማሹ ሰደበው። እኔ መስኮቴን ጋረድኩ። አውሮፕላን ሲዞር ወደ ታች አላይም።

ነገሩ የሆነው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዕድሜዬ ለባል ደርሷል፣ ክፍሌ ግን ገና አምስተኛ ነበር፤ ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው። መስከረም ቢጠባም የፍኖተ ሰላም መንገድ ጭቃው አልደረቀም፣ መኪና አያልፍም። ስለዚህ ከደብረ ማርቆስ ቡሬ ወዳለችው እህቴ በአይሮፕላን ተሳፈርኩ። ያን ጊዜ የምንለው አይሮፕላን ነበር።

አጠገቤ ወይዘሮ ውዴ የሚባሉ የቡሬ ገጠር ሴት ተቀመጡ። ልጃቸው ታሞባቸው መድኃኒት ፍለጋ ደብረ ማርቆስ በእግራቸው ሄደው፣ ለመፍጠን ሲሉ በአይሮፕላን መመለሳቸው ነው። ብልቃጡን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ደጋግመው ይዳስሱታል። የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ገምሰው ሰጡኝ፤ ሽታው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

«እማማ፣ ምሳ ቤት አደረጉት እኮ!» አለ ከፊታችን የነበረ የበርበሬ ነጋዴ።

«ያማረህ እንደሆነ እጅህን ዘርጋ፤ ነገሩን ምን አዞረው?» አሉና ለእሱም ገመሱለት።

ቡሬ ስንደርስ ማረፊያው ሜዳ ከብት ሞልቶታል። እስኪባረር ድረስ አይሮፕላኑ ይዞር ጀመር። ወይዘሮ ውዴ በመስኮቱ ወደ ታች አዩና ድንገት ብድግ አሉ።

«ወራጅ አለ!»

ከአውቶቡስ በቀር የሚያውቁት አልነበረም። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ።

«ጣራውን ይደብድቡለት፣ ረዳቱ አልሰማም!» አለ ነጋዴው።

እሳቸውም ሄደው የአብራሪውን በር ይደበድቡ ጀመር። አስተናጋጁ ተቆጥቶ ክንዳቸውን ይዞ መለሳቸው።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እይልኝ» አሉኝ። «ያ የእኛ ደብር ነው። ዙሪያውን የነጣው ምንድን ነው?»

«በጎች ይሆናሉ፣ እማማ።»

«በግ እንዲህ ክብ አይሠራም ልጄ። ዛሬ ደግሞ በዓል አይደለም።»

ሳቁ ጠፋ። ዞርን። ደብሩ ተመልሶ በመስኮቱ ሲመጣ ነጩ ከደጀ ሰላሙ ወደ መቃብሩ ጥድ ሥር ሄዷል። «ወራጅ አለ» አሉ፣ አሁን በልመና። ደግመን ስንዞር ነጩ በአረንጓዴው ማሳ መካከል ተበትኖ ወደየቤቱ ይሄድ ነበር። እሳቸውም ቋጠሮውን ለቀቁት።

አረፍን። ሜዳው ዳር ዘመዶቻቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ይጠብቃሉ። የተቀበረው ልጃቸው መሆኑን እኔ ያን ጊዜ አወቅሁ፤ እሳቸው ግን ሰማይ ላይ ሳሉ አይተው ጨርሰውታል። ሰው ሁሉ ሲወርድ አልተነሡም። ነጋዴው ባርኔጣውን አውልቆ አጎነበሰላቸው።

«እማማ፣ ደርሰናል። ይውረዱ።»

«ከእንግዲህ ማን ዘንድ ልውረድ?» አሉት።

ያ ስብሰባ ያመለጠው ጎልማሳ፣ አዲስ አበባ ስናርፍ ሰውን እየገፋ ቀድሞ ወጣ። እኔ እንደ ልማዴ በታክሲ ወደ ሰፈሬ ሄድኩ። ቤቴ አቅራቢያ ስደርስ በዝግታ «ወራጅ አለ» አልኩ። ታክሲው ቆመ። ሁልጊዜም ይቆማል። እኔ ግን ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ እስኪቆም ድረስ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ።