ኦሪቤና ሦስተኛው ክሪስታል

ኦሪቤ ኪዮጂን ያወቅኋቸው ሳተላይቱ ገና ወረቀት ላይ ሳለ ነው። ከሰማይ ጥግ ፈንጥቆ በጥቂት ሴኮንድ የሚጠፋውን የጋማ ጨረር ብልጭታ የሚጠብቁ አራት ክሪስታሎች በአራቱ ጎን እንዲቀመጡ ታቅዶ ነበር። ብልጭታው ከየት እንደመጣ የሚታወቀው አራቱ የቆጠሩት የጨረር መጠን ሲነጻጸር ነው፤ አንዱ ከታወረ አቅጣጫው ጠፋ ማለት ነው። ክሪስታሎቹን የሚያለሰልሱትና የሚያሽጉት ኦሪቤ ነበሩ።

ክሪስታሉ የጨው ዓይነት ስለሆነ እርጥበት አይወድም። ኦሪቤ በዕቅዱ ስብሰባ ላይ ሁለተኛ ማሸጊያ ይጨመር አሉ። ኃላፊው ዶክተር ኒረይ ፈገግ አሉ።

«ሦስት መቶ ግራም እኮ ነው፣ ኦሪቤ ሳን። ከየት ላምጣው? ከሆድዎ ልቀንስ?»

«ሚስቴ ደስ ይላት ነበር። ግን አገራችን እርጥብ ነው።»

ተሳቀ። ማሸጊያው ቀረ።

በጥር ወደ ማስወንጨፊያው ወረድን። ዓሣ አጥማጆቹ ሮኬቱ የሚያልፍበትን ባሕር የሚለቁልን ለጥቂት ቀናት ነው፤ የቀሩን አራት ነበሩ። በየፍተሻው ሦስተኛው ክሪስታል ከሌሎቹ ዝቅ አድርጎ ይቆጥር ጀመር። ሁሉም የፍተሻ ወረቀቱ ላይ በፊርማ ፋንታ የስሙን ቀይ ማኅተም አሳረፈ፤ የኦሪቤ ቦታ ብቻ ባዶ ቀረ። እንዲያትሙ ማንም አላዘዛቸውም። ዶክተር ኒረይ ብርቱካን ይዘው መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«የሚፈቀደው ጉድለት አምስት በመቶ ነው። ያለው አራት ነው።»

«ዛሬ አራት ነው።»

«አምስት ያልፋል ያለዎት ማነው?»

«ሰኞ ሁለት ነበር፤ ረቡዕ ሦስት። ዛሬ ዓርብ ነው።»

ኒረይ ብርቱካኑን ሲልጡ ቆዩ። «ይህ ወር ካለፈ ሮኬቱን ለሌላ ሳተላይት ይሰጡታል። ስምንት ዓመት ነው የጠበቅሁት፣ ኦሪቤ ሳን።»

ኦሪቤ ማኅተማቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ቀለም አስነኩና ገልብጠው መቱት። በእኛ ዘንድ እንዲያ ሲመታ፣ ማኅተሜን ሰጠሁ እንጂ አልተስማማሁም ማለት ነው። ኒረይ አዩት፤ ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ሮኬቱ ሰኞ ረፋድ ላይ ባማረ ሁኔታ ወጣ። መንደርተኛው ከኮረብታው ላይ አጨበጨበ። ኦሪቤ አላጨበጨቡም፤ የክሪስታሎቹ ቆጠራ የሚታይበትን ሠሌዳ ያዩ ነበር።

በሚያዝያ፣ ከዚያ በፊት ማናችንም አይተን የማናውቀው ታላቅ ብልጭታ መጣ። ዘጠኝ ሴኮንድ ቆየ። ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ ሦስት ዓምዶች በቁጥር ተሞልተው ነበር፤ በሦስተኛው ክሪስታል ዓምድ ላይ ዜሮ ብቻ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል።

«ከየት ነው የመጣው?» አሉ ኒረይ።

እስከ ዛሬም አናውቅም።