ጥሩምባውን ለንቦች ያስነፉት ጋሽ እንድሪስ

ማክሰኞ ማለዳ፣ ንቦቹ ገና ከቀፎ ሳይወጡ፣ የቅሬያችን፣ ማለትም የእድራችን፣ ጥሩምባ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር ብሎ ተነፋ። ይህ በእኛ ቀበሌ የተባይ መርዝ ርጭት ጥሪ ነው። እናቴ ወደ ጓሮ ሮጣ የቀፎዎቹን አፍ ደፈነች። እኔ ደግሞ ባቄላው አበባ ላይ እያለ የሚረጨው ማን ደፋር ነው ብዬ ልጣላ ወጣሁ። ጥሩምባ ነፊውን አባ ይመርን በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ርጭት አይደለም ልጄ» አሉኝ። «እንድሪስ ነው።»

ለረጅም ዓመታት የቀበሌያችን የግብርና ሠራተኛ የነበሩት ጋሽ እንድሪስ አራጋው በዚያ ማለዳ አረፉ። አላህ ይርሃማቸው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በእኛ አገር ግን ይህን ለማለት ማንም ፈቃድ አይጠይቅም።

የምታውቋቸው ሁሉ ደግነታቸውን ታወራላችሁ። እኔ ከጥፋታቸው እጀምራለሁ። እሳቸውም ቢሆኑ «ከዚያ ጀምሪ» ነበር የሚሉኝ።

ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ባቄላው አብቦ ሳለ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ወረረው። ጋሽ እንድሪስ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ጠርተው፣ መርጫውን በጀርባቸው አዝለው፣ እማሳው ውስጥ እየተራመዱ እንዴት እንደሚረጭ አሳዩ። «መድኃኒት ነው፣ አትፍሩ» አሉ። ገበሬው እሳቸውን ያምናል፤ ረጨ። ክሽክሹ አለቀ። በሦስተኛው ቀን የእናቴ ቀፎዎች ሥር ያለው መሬት በሞተ ንብ ጠቆረ።

መጡ። ጋሽ እንድሪስ ቀፎዎቹ ሥር ቁጢጥ አሉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው የሞቱትን ንቦች በእጃቸው እያፈሱ ሞሉበት። እሑድ ቅሬው ሲሰበሰብ ባርኔጣውን ይዘው መሐል ገቡ።

«ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ጠርሙሱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሚያነብልኝ ሰው ሳልፈልግ አስረጨኋችሁ። አፉ በሉኝ።»

ይቅርታ የሚለምን የመንግሥት ሠራተኛ አይተን ስለማናውቅ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሰው ከኋላ «ቅሬ ለሰው እንጂ ለንብ ይቀመጣል እንዴ?» ብሎ ቀለደ።

«ዛሬ ይቀመጥ» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ሽማግሌዎቹ አፉ አሏቸው። እናቴ ግን ተነሣች። «እኔም አፉ ብያለሁ፤ ቀፎዬ ግን በይቅርታ አይሞላም። ምን ሊያደርጉ አሰቡ?»

ያሰቡትን በቃል አልመለሱላትም። በሳምንቱ ወግዲ ሄደው በገዛ ገንዘባቸው የንብ መንጋ ገዙ። ሚኒባሱ በዚያ መንገድ እያንገጫገጨ ይፈጃቸዋል ብለው ሁለት ቀን ሙሉ በእግራቸው ተሸክመው አመጡላት። ፊታቸው በንድፊያ አብጦ አንድ ዓይናቸው ተደፍኖ ነበር። እናቴ ስታያቸው ሳቀች፤ የታረቁትም ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ ቅሬውን አስወሰኑ። አበባ ላይ መርጨት ክልክል ሆነ። በሌላ ጊዜ የሚረጭ ሰው ንብ ሳይወጣ ማለዳ ጥሩምባ ያስነፋል፤ ባለ ቀፎ ይደፍናል፤ በማግሥቱ ይከፍታል። የመጀመሪያው ቀን ጥሩምባው ሲነፋ አገሩ ሁሉ ለለቅሶ ወጣ። ነጠላውን ያዘቀዘቀ፣ ደረቱን የሚመታ፣ ከዳገቱ ላይ ሙሾ የጀመረች ሁሉ ነበር። ጋሽ እንድሪስ መርጫው አጠገብ ቆመው ጠበቁን።

«ማን ሞተ?»

«ገና ማንም አልሞተም» አሉ። «እንዳይሞት ነው የጠራናችሁ።»

«እኔ እኮ መንገድ ላይ አልቅሼ ጨርሻለሁ» አለች ሙሾ አውራጇ። «እርስዎ ሲሞቱ ምን ሊቀርልዎ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ለሞት አንድ ረጅም፣ ለርጭት ሁለት አጭር እንዲሆን ተስማማን።

መርዙ ግን ከገበያ አልጠፋም። እኔ አሥረኛ ክፍል ስደርስ ጋሽ እንድሪስ አንድ ነገር በሬዲዮ ሰሙ፤ ያንኑ መርዝ አውሮፓ ንብ ይፈጃል ብላ ከማሳዋ አግዳዋለች። ባዶውን ጠርሙስ ይዘው ቤታችን መጡና የተሠራበትን አገር አንብቢልኝ አሉኝ። አነበብኩ። አውሮፓ ነው። ጠርሙሱን ከእጄ ወስደው ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት። 

በዓመቱ እርከን ሊጎበኙ የውጭ ሰዎች መጡ። ከመካከላቸው አንዷ ለአውሮፓ ሕግ አውጪዎች ስለ እርሻና ስለ ምግብ ምክር የምትሰጥ ሴት ነበረች። አገሯ አፈርና ውኃ የማይጎዳ እርሻ እያስፋፋ እንደሆነ ነገረችን። በእርሻው ዳር ለንብ አበባ የሚተው ገበሬ ከመንግሥት ክፍያ ያገኛል አለች። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ፤ በዚያች በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ።

«መልካም ነው፤ እኛም ከዚህ እንማራለን በያት» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ቀጥለሽ ጠይቂያት። በራሳችሁ ማሳ የከለከላችሁትን መርዝ ፋብሪካችሁ እየሠራ ለእኛ ይሸጣል። ሕጋችሁ የሚጠብቀው የእናንተን ንብ ብቻ ነው ወይ?»

እኔ አፌ ስለት ነው ይሉኛል። በዚያ ቀን ግን ፈራሁ። እንግዳ ናት ብዬ «ስለ መርዙ ንግድ ቢያስቡበት ደስ ይለናል» አልኳት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ጋሽ እንድሪስ ወደ እኔ ዞሩ። «አለሳልሰሽዋል። ፊቷ አልተለወጠም። እንደገና በያት።»

እንደገና፣ እንዳሉት አድርጌ አልኩ። ፊቷ ተለወጠ። «ጥያቄው ልክ ነው፤ መልሱ ግን በእኔ እጅ አይደለም» አለች።

«መልሱ በእጁ ያለውን ሰው አድራሻ ስጪና» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ሰጠችን። ደብዳቤውን እሳቸው በአማርኛ እያሉ እኔ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፤ ደሴ ወርጄ ፖስታ ቤት አስገባሁት። ከብዙ ወራት በኋላ መልስ መጣ። ሐሳብዎ ለሚመለከተው ክፍል ተላልፏል ይላል። ሳነብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ይህችንማ አውቃታለሁ። እኔም ለስንቱ ገበሬ ብያታለሁ።» ሳቃቸው ሲያልፍ «የሚመለከተው ክፍል ስሙ ማን እንደሆነ ጠይቂልኝ» አሉ።

ሁለተኛውን ላክን። መልስ አልመጣም። ሦስተኛውን ጀመርን።

በዚህ መሐል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ አልመጣልኝም። ፓስፖርት አወጣሁና ዓረብ አገር ልሄድ ተነሣሁ። ሰው ሁሉ ወይ ሂጂ ወይ ቅሪ ይለኛል። ጋሽ እንድሪስ ብቻ «አብሽሪ፣ ምርጫው ያንቺ ነው» አሉኝ። «ከመሄድሽ በፊት ግን ደብዳቤዋን ጨርሺልኝ።» ሊያስቀሩኝ ወይም ሊመክሩኝ ብለው አልነበረም፤ የእውነት ደብዳቤዋ እንድታልቅ ነበር የፈለጉት። በየሳምንቱ ሐሙስ ከገበያ መልስ እየመጡ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያስጽፉኛል፤ የባለፈውን ደግሞ ያስሰርዙኛል። «የምንለምን አስመሰልሽን። አንለምንም። ጥፋቱን እናሳያለን፤ እኔ ባርኔጣዬን ይዤ ቅሬ ፊት ቆሜያለሁ፣ እነሱም ይቁሙ።»

የቀብራቸው ዕለት አባ ይመርን ለሞት ለምን አጭሩን እንደነፉ ጠየቅኳቸው። «ረጅሙን ነበር ያሰብኩት» አሉኝ። «ትንፋሽ አጠረኝ። ደግሜ ብሞክረውም ያው ሆነ።» ስለዚህ በዚያ ማለዳ በቀበሌው ያለ ባለ ቀፎ ሁሉ መጀመሪያ ቀፎውን ደፈነ፤ ከዚያ ለቅሶ ወጣ። ጀናዛው ሲያልፍ ባቄላው ሁሉ አብቧል፤ አንድም ንብ አልነበረበትም።

ጋሽ እንድሪስ፣ በማግሥቱ ቀፎዎቹን ከፍተናል። እርስዎ ከወግዲ ያመጧቸው ንቦች ዘር ደህና ነው፤ እናቴ እንድነግርዎ ብላለች። ፓስፖርቴ ሳጥን ውስጥ ነው፤ እሄድ እንደሆነ አላውቅም። ብሄድም ከዚያ መጻፍ ይቻላል። ሦስተኛዋ ደብዳቤ አልቃለች፤ ነገ በደሴው አውቶቡስ ትወርዳለች። መልስ ካልመጣ አራተኛ አለ። አፈሩ ይቅለልዎ፣ በሰላም ይረፉ። ደብዳቤዋን ደግሜ አንብቤያታለሁ፤ አላለሳለስኳትም።