ጃንጥላ ቢከለከል ዛፍ ፍለጋ

ከትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ሌላ ጽፌ አላውቅም፤ እሱም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቀረ። የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፉ ሰዎች ላሊበላ ይሄዳሉ። እኔ የሄድኩት ከጎጃም በረንዳ እስከ ችግኝ ጣቢያ ነው። ሰው ፊት ማውራት ስለሚያሳፍረኝ ይኸው ጻፍኩት።

ንጋት፣ መርካቶ ጎጃም በረንዳ

እናቴ መጋዘኖቹ ፊት ለፊት የተቀደደ ጆንያ እየሰፋች ነው ያሳደገችኝ። ባለፈው በጋ ፀሐዩ ሁለቴ ጣላት። ጃንጥላ ተከልንላት፤ ደንብ አስከባሪዎች «የከተማውን ገጽታ ያበላሻል» ብለው ወሰዱት። ዛፍ ግን ገጽታ ያሳምራል ተብሏል። እንግዲያው ዛፍ እናምጣ፤ እስኪያድግ ፀሐይዋ ትታገሰን።

መሳለሚያ ታክሲ እየጠበቅኩ ነው። ለሚሊኒየሙ የመንገዱ አካፋይ ላይ በማርሽ ባንድ ችግኝ ተተክሎ ነበር። ችግኙን ፍየል በላው። ባነሩ ግን ዛሬም አረንጓዴ ነው።

ረፋድ፣ ችግኝ ጣቢያ

ቀይ ጭቃ፣ የፍግ ሽታ፣ በጥቁር ፕላስቲክ የተደረደረ ችግኝ። ጠባቂው ጋሼ ታምሩ የዝናብ ኮታቸውን እንደለበሱ ቆመዋል።

«የት ልትተክዪው ነው?»

«መርካቶ።»

ሳቃቸው አላስቆም አላቸው። «መርካቶ ደግሞ መሬት አለ እንዴ?»

«ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ፣ ጋሼ።»

«ባለቤቱ ማነው? የሚመጡት ሁሉ ‹የሕዝብ ነው› ይሉኛል። የሕዝብ ማለት የፍየል ማለት ነው።»

ጉልበቴ ድረስ የምትደርስ የግራቪሊያ ችግኝ ሰጡኝ።

እኩለ ቀን፣ ታክሲ ውስጥ

ወያላው ችግኟን አይቶ «ለእሷም ሂሳብ!» አለ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ታቅፋታለች አይደል? ሕፃን አይከፍልም!» ብለው አፉን አስያዙልኝ። እኔ እንደ እናት አንገቴን ደፋሁ።

መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር

ከታክሲ ስወርድ አንድ ብረት ድስት ሻጭ ጠራኝ። «እህቴ፣ በስንት ነው?»

«አይሸጥም» አልኩ፤ ድምፄን እኔም አልሰማሁት።

«ካልተሸጠ መርካቶ ምን ሊሠራ መጣ?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እስከ ጎጃም በረንዳ የጠየቀኝ ሁሉ ዋጋ ነው የጠየቀኝ፤ ስሟን የጠየቀ የለም።

ከሰዓት፣ ጎጃም በረንዳ

ጉድጓዴ ላይ ጋሪ ቆሟል። ባለጋሪው ሸምሱ እላዩ ላይ ተጋድሞ ሙዝ ይበላል።

«ጋሪዬን አላነሳም» አለ። «ለዚች ቅጠል?»

ችግኟን ታቅፌ ቆምኩ። እናቴ ከመርፌዋ ቀና ሳትል «ሸምሱ፣ ስታድግ አንተንም ታስጠልላለች» አለችው።

«እስከዚያ ማን ይኖራል?»

ያን ጊዜ ከማዶ በርበሬ የምትሸጠው እትዬ ዘቢባ የምትቀመጥባትን ዱካ አንጠልጥላ መጣች። ጉድጓዱ ዳር አስቀምጣ «እኔ እኖራለሁ። በዚህ በኩል ያለው ጥላ የኔ ነው፤ ይዣለሁ» አለች።

ሸምሱ ሙዙን ጥሎ ተነሳ። መርካቶ ውስጥ ቦታ ሲያዝ ተኝቶ የሚያይ ሰው የለም። ጋሪውን ገፋ፤ ችግኟን ተቀብሎኝ በገዛ እጁ ተከላት፤ የሚጠጣውን ውሃ አፈሰሰላት። ከዚያ ሰውም ፍየልም እንዳይረግጣት ጋሪውን አግድም አቆመው። ባለቤት ተገኘላት።

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፣ መሬቱን በክንዱ ለካ፣ ወደኔ ዞረ።

«ስሚ አንቺ፣ የእናትሽ ቦታ ግንዱ ሥር ነው፤ ከዚያ እስከ ጋሪዬ ያለው ጥላ የኔ ነው፤ ለማንም እንዳትሰጪብኝ!»